ሁለተኛዋ መርከብ

በንጉሥና በሕዝብ መካከል ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለቱም ወገኖች ሲጠቅሱት የኖሩት አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል አለ፤ ቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 8። ነቢዩ ሳሙኤል አርጅቷል። ፈራጅ አድርጎ የሾማቸው ልጆቹ ኢዮኤልና አብያ ጉቦ እየበሉ ፍርድ ያጣምማሉ። የእስራኤል ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጡና እንደ አሕዛብ ሁሉ ንጉሥ እንዲያነግሥላቸው ይጠይቁታል። ሳሙኤል ይከፋዋል። ከእግዚአብሔር የሚመጣለት መልስ ግን ሕዝቡን እንዲሰማ፣ አስቀድሞ ግን ንጉሥ ምን እንደሚያደርግባቸው እንዲነግራቸው ያዝዘዋል። እሱም ይዘረዝርላቸዋል፦ ወንዶች ልጆቻቸው ለሠረገላና ለጦር፣ ሴቶች ልጆቻቸው ለሽቶ ቅመማና ለጋጋሪነት፣ የተመረጠው እርሻና ወይን ለባለሟሎች፣ ከእህሉ አሥራት፣ በመጨረሻም ሁሉም የንጉሡ አገልጋይ። ሕዝቡ ሰማ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም።

እ.ኤ.አ. በ1598 የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ 6ኛ፣ በኋላ የእንግሊዙ ጄምስ 1ኛ፣ ስለ ነገሥታት መብት በጻፈው መጽሐፍ ይህን ምዕራፍ ለዙፋኑ አስመሰከረው። ሳሙኤል እንዲያ የተናገረው ሕዝቡ ቀንበሩን ሳያጉረመርም እንዲሸከም አስቀድሞ ሊያዘጋጀው ነው፤ ንጉሥ ቢከፋ እንኳ ፈራጁ እግዚአብሔር ብቻ ነው ሲል ተከራከረ። ከ178 ዓመት በኋላ ቶማስ ፔይን በፊላደልፊያ «ኮመን ሴንስ» የተባለችውን አነስተኛ መጽሐፍ ሲያሳትም ያንኑ ገጽ ገለጠ። እሱ ደግሞ ንጉሥ መፈለጉ ራሱ በደል እንደነበር ከምዕራፉ አንብቦ አሜሪካውያንን በእንግሊዝ ዘውድ ላይ አነሣሣበት።

ሁለቱም የሚፈልጉትን ይዘው ሄዱ። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ከአራት ምዕራፍ በኋላ የሚመጣው ነው። ሳኦል ነግሧል፤ ሳሙኤል ከፈራጅነቱ ሊሰናበት ነው። በሕዝቡና በአዲሱ ንጉሥ ፊት ይቆምና ራሱን ለክስ ያቀርባል። በሬውን ወይም አህያውን የወሰደበት፣ የበደለው፣ ጉቦ የተቀበለው ሰው ካለ ይናገር ዘንድ ይጠይቃል፤ እንደሚመልስም ቃል ይገባል። ሕዝቡ ምንም እንዳልወሰደባቸው ይመሰክራሉ። በዚያው በሜዲትራኒያን ባሕር ማዶ አቴናውያን ከዘመናት በኋላ ይህን የመሰለ ነገር ሕግ አደረጉት። አንድ ሹም የአንድ ዓመት ሥልጣኑ ሲያበቃ በእጁ ያለፈውን የሕዝብ ገንዘብ ሒሳብ ያወራርዳል፤ ከዚያም ማንኛውም ዜጋ በደል ፈጽሟል ብሎ ሊከሰው ይችላል። ይህ ሳይጠናቀቅ ከአገር መውጣት አይፈቀድለትም ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ዴሞክራሲን ያስተምራል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በዚህ አልስማማም። በሳሙኤልና በነገሥት መጻሕፍት ንጉሥ በነቢይ እጅ ይቀባል፣ ዙፋን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የዴሞክራሲን ሥርዓት ያቆሙት ግሪኮች ናቸው። ነገር ግን ዴሞክራሲ የምርጫ ቀን ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሥልጣን የያዘ ሰው፣ ወይም ሥልጣን የያዘ ሕዝብ፣ ሲሳሳት «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው በሕይወት መኖር አለበት፤ ስሕተቱም ጊዜ ሳያልፍበት መታረም አለበት። በዚህ ጉዳይ ላይ የዕብራውያን ነቢያትና የአቴና ጸሐፊዎች ሳይተዋወቁ ስለ አንድ ነገር ጽፈዋል ብዬ አምናለሁ፤ የዛሬ ክርክራችንም ከሁለቱም ብዙ ይጎድለዋል።

ከሕጉ እንጀምር። ዘዳግም ምዕራፍ 17 ንጉሥ እንዲኖር ይፈቅዳል፤ ፈቅዶም ያሥረዋል። ፈረስ እንዳያበዛ፣ ሚስት እንዳያበዛ፣ ብርና ወርቅ እንዳያከማች ይከለክለዋል። በዙፋኑ ሲቀመጥ የሕጉን ቅጂ አስጽፎ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያነብበው ያዝዘዋል፤ ምክንያቱንም ይነግረዋል፣ ንጉሡ ከወንድሞቹ በላይ ነኝ ብሎ እንዳይኮራ ነው። ይህ ድንጋጌ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ የተጠናቀረው፣ በኋላም ወደ ግእዝ ተመልሶ የአገራችን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት ስለ ነገሥታት በሚናገርበት በ44ኛው አንቀጹ ይህንኑ የዘዳግም ቃል ይዞታል። የአገራችን ሊቃውንት ለዘመናት አንብበውታል፣ ተርጉመውታል፣ አስተምረውታል።

አደባባይ ላይ የዋለው ግን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ትውልድ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ቆጠረ፤ በአራተኛው አንቀጹም ንጉሠ ነገሥቱ በደማቸውና በቅብዐታቸው ምክንያት የተቀደሱ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ መሆኑን ደነገገ። ሰሎሞን ግን ሦስቱንም የዘዳግም ክልከላዎች የጣሰ ንጉሥ ነው። ፈረሱን ከግብፅ አስመጣ፣ ወርቁን አከማቸ፣ ሰባት መቶ ሚስቶችና ሦስት መቶ ቁባቶች ነበሩት፤ መጽሐፉም ይህን ሳይሸፍን ይነግረናል። የሕግ መጽሐፋችንን ይዘን፣ ሕጉን ባፈረሰው ንጉሥ ዘር ላይ ያልተነካ ሥልጣን መሥርተን ኖርን። ይህን የምለው ያለፈውን ዘመን ለማቃለል አይደለም። የሚገሥጽ ቃል በመጽሐፍ መኖሩና የሚገሥጽ ሰው በአደባባይ መኖሩ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው።

ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት ቤተ መንግሥት ሲገባ ይዞት የሄደው አንድ ታሪክ ብቻ ነበር፤ ብዙ በግ ያለው ባለጸጋ የድሃውን አንዲት ጠቦት ስለ መንጠቁ። ዳዊት በባለጸጋው ላይ ከፈረደ በኋላ ነው ያ ሰው ራሱ መሆኑን የሚነገረው። ወታደሩን ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን የወሰደ ንጉሥ ነቢዩን ማስገደል አያቅተውም ነበር። በደሌን አውቄአለሁ አለ እንጂ አልገደለውም። ለዳዊት ያለኝ አክብሮት ጎልያድን ከጣለበት ቀን ይልቅ በዚህ ቀን ይበልጣል።

በናቡቴ ላይ የተፈጸመው ደግሞ ከዚህ የከፋና ለዘመናችን የቀረበ ነው። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ይፈልጋል፤ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሸጥም ይላል። ንጉሡ አኩርፎ አልጋው ላይ ይተኛል፣ እህል አልቀምስም ይላል። ይህ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፤ በእስራኤል ንጉሥም ቢሆን ርስት በጉልበት መንጠቅ እንደማይችል ያውቃል። ሚስቱ ኤልዛቤል መላውን ታገኛለች። ደብዳቤ በንጉሡ ስም ተጽፎ በማኅተሙ ይታተማል፤ ጾም ይታወጃል፤ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ናቡቴ በሕዝቡ ፊት ይቀመጣል፤ ሁለት ምስክሮች ይቀርባሉ፤ ፍርድ ተሰጥቶ በድንጋይ ይወገራል። ማኅተም አለ፣ ሸንጎ አለ፣ ምስክር አለ፣ ፍርድ አለ። የሕግ ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ ሕጉ ራሱ የለም። ከከተማዋ ሽማግሌዎችና መኳንንት አንድ እንኳ ይህ ደብዳቤ አይገባኝም ያለ ሰው አልተመዘገበም። ተቃውሞው የመጣው ከነቢዩ ኤልያስ ነው፤ እሱም የደረሰው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አቴና። በአክሮፖሊስ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ለዲዮኒሶስ በዓል ከተማው በሚሰበሰብበት ቴአትር ሶፎክልስ «አንቲጎኔ»ን ያሳየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 አካባቢ ነው። የቴቤ ንጉሥ ክሬዮን ከተማውን የወጋው ፖሊኒከስ ሳይቀበር የውሻና የአሞራ ሲሳይ እንዲሆን ያውጃል። እኅቱ አንቲጎኔ ዐዋጁን ጥሳ አፈር ታለብሰዋለች። ዕድር ላቆመ፣ ለማያውቀው ሰው ቀብር ሥራውን ትቶ ለሚወጣ ሕዝብ ሬሳ መከልከል ምን ያህል ግፍ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ይህ ተውኔት በአንቲጎኔና በክሬዮን መካከል ያለ ግጭት ተደርጎ ይነበባል። ለእኔ የዴሞክራሲው ልብ ያለው ግን ልጁ ሃይሞን ከአባቱ ጋር በሚነጋገርበት ትዕይንት ላይ ነው።

ሃይሞን የአንቲጎኔ እጮኛ ነው። ግን ስለ ፍቅሩ አንድ ቃል አይናገርም። አባቱን በአክብሮት ይጀምረዋል፤ ከዚያ አባቱ ሊሰማው የማይችለውን ይነግረዋል። ሰው ሁሉ የንጉሡን ፊት ይፈራል፣ በየጨለማው ግን ከተማው ስለዚያች ልጅ ያለቅሳል፤ አንተ የማትሰማውን እኔ እሰማለሁ ይለዋል። ጎርፍ ሲመጣ ጎንበስ ያለ ዛፍ ቅርንጫፉ እንደሚተርፍ፣ የገተረው ከነሥሩ እንደሚነቀል ይመክረዋል። ክሬዮን ይቆጣል፤ በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ልማር? ከተማው እንዴት እንደምገዛ ሊነግረኝ ነው? ሲል ይመልሳል። ልጁም የአንድ ሰው ንብረት የሆነች ከተማ ከተማ ልትባል እንደማትችል፣ እንዲህ ያለው ሰው ምድረ በዳ ላይ ብቻውን ቢነግሥ እንደሚሻለው ይነግረዋል። ክሬዮን በመጨረሻ ይመለሳል፤ ያውም ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬሲያስ መጥቶ ሲገሥጸው፣ ልክ እንደ ናታን። ሬሳውን ሊቀብር ይሮጣል፣ ልጅቷን ሊፈታ ይሮጣል። ዋሻው ሲደርስ ታንቃ ሞታለች። ልጁም፣ ሚስቱም በዚያው ቀን ይሞቱበታል። ንጉሡ መሳሳቱን አምኗል፤ እምነቱ ግን ዘግይቶ ምንም አላተረፈለትም።

ሶፎክልስ ይህን ካሳየ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ ያው ተመልካች ሕዝብ በክሬዮን ቦታ ቆመ። በፔሎፖኔዥያ ጦርነት መካከል በሌስቦስ ደሴት የምትገኘው ሚቲሊኒ በአቴና ላይ ዐመፀች፤ በ427 ተሸንፋ እጅ ሰጠች። የአቴና ጉባኤ ቁጣው ሳይበርድ ተሰብስቦ ወሰነ፤ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች በሙሉ ይገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት በባርነት ይሸጡ። ትእዛዙን የያዘች የጦር መርከብ በዚያው ቀን ተነሣች። ይህን ያደረገው አምባገነን አልነበረም። ነጻ ዜጎች እጃቸውን አውጥተው ድምፅ ሰጥተው ያደረጉት ነው። ምርጫ ካለ ፍትሕ አለ ለሚል ሰው ይህች አንዲት ቀን በቂ መልስ ናት።

በማግሥቱ ግን ብዙዎች በተጸጸተ ልብ ነቁ። አጥፊውን ለይቶ ከመቅጣት ይልቅ ከተማውን ሙሉ መፍጀት ጭካኔ ሆኖ ታያቸው። ጉባኤው እንደገና ተጠራ። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ የሁለት ሰዎችን ንግግር አቆይቶልናል። አንዱ በዚያ ዘመን በሕዝቡ ዘንድ ከሁሉ ይበልጥ የሚደመጠው ክሌዎን ነው። የተወሰነ ተወስኗል ይላል፤ መጥፎም ቢሆን የማይለወጥ ሕግ በየቀኑ ከሚለዋወጥ ጥሩ ሕግ ይሻላል፤ እንደገና እንወያይ የሚሉትም ወይ ንግግራቸውን ማሳመር የሚወዱ ናቸው ወይ ተገዝተዋል ይላል። ሁለተኛው ዲዮዶቶስ ነው፤ ከዚህ ንግግር በቀር በታሪክ ምንም የማናውቅለት ሰው። ችኮላና ቁጣ የመልካም ምክር ጠላቶች መሆናቸውን ይናገራል። ተቃዋሚውን ተገዝቷል ብሎ የሚያሸማቅቅ ሰው ከተማዋን አማካሪ ያሳጣታል ይላል። የሚገርመው እዝኑላቸው ብሎ አይለምንም። መግደሉ ለአቴና እንደማይጠቅማት፣ ነገ የሚያምፅ ከተማ ምሕረት እንደሌለ ካወቀ እስከ መጨረሻው እንደሚዋጋ ያስረዳል። የተቆጣ ጉባኤ ስለ ርኅራኄ የሚነገረውን እንደማይሰማ ያወቀ ይመስለኛል።

እጅ ሲቆጠር ሁለቱ ወገኖች እኩል ለመሆን ምንም አልቀራቸውም፤ ዲዮዶቶስ በጠባብ ብልጫ አሸነፈ። ወዲያው ሁለተኛ መርከብ ተላከች። የመጀመሪያዋ የአንድ ቀንና ሌሊት ያህል ቀድማለች። አቴና የነበሩት የሚቲሊኒ መልእክተኞች ለቀዛፊዎቹ ወይንና የገብስ ዱቄት አስጫኑ፤ ከደረሱ ትልቅ ሽልማት እንዳለ ነገሯቸው። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያውን ሳይለቁ ዱቄቱን በወይንና በዘይት እያሹ በሉ፤ በየተራ ተኙ፣ በየተራ ቀዘፉ። የመጀመሪያዋ መርከብ የያዘችው ሥራ ስለከበዳት አልተቻኮለችም። የአቴናው አዛዥ የሞት ትእዛዙን አንብቦ ሊፈጽም ሲል ሁለተኛዋ ወደቡ ደረሰች።

ቱሲዲደስ ግን እዚህ ላይ አያቆምም። በዐመፁ ዋናዎቹ ጥፋተኞች የተባሉት፣ በጽሑፉ ቁጥራቸው ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ ሰዎች፣ በክሌዎን ሐሳብ ተገደሉ። ምሕረቱ ከፊል ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ትንሿ የሜሎስ ደሴት አልገዛም ስትል አቴናውያን የያዟቸውን ወንዶች ገደሉ፣ ሴቶቹንና ልጆቹን ሸጡ። በዚያ ጊዜ ዲዮዶቶስ አልነበረም፤ እንደገና እንወያይ ያለ ጉባኤም አልተመዘገበም። ሥርዓቱ ያው ነው፣ ሕጉ ያው ነው፣ ጉባኤው ያው ነው። ተቋም ብቻውን ሰውን እንደማያድን ያየሁት በእነዚህ ሁለት ደሴቶች መካከል ባለው ልዩነት ነው። ሆኖም በሜሎስ ማግሥት፣ በ415፣ ዩሪፒደስ በከተማው በዓል ላይ «የትሮይ ሴቶች»ን አቀረበ፤ ከተማቸው ተቃጥሎ በዕጣ ለባርነት የሚከፋፈሉ እናቶችን ልቅሶ በአሸናፊዎቹ ፊት አሰማ። ተመልካቹ ሜሎስን አስታወሰ ወይስ አላስታወሰም ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ተውኔቱ ግን ታየ፤ ጸሐፊውም በዚያ አልታሰረም።

ፕላቶ ከዚህ ሁሉ በኋላ በሕዝብ አገዛዝ ላይ ተስፋ ቆረጠ። መምህሩ ሶቅራጥስ በ399 አምስት መቶ ያህል ዳኞች በተቀመጡበት ችሎት በድምፅ ብልጫ ሞት ተፈረደበት። ደቀ መዝሙሩ የሕዝብ አገዛዝ መጨረሻው አምባገነን መውለድ ነው ቢል አይፈረድበትም። ከእሱ ጋር የምለያየው መድኃኒቱ ላይ ነው፤ ፈላስፋ ንጉሥ የሚገሥጸው ሰው አያስፈልገውም ብሎ ማመኑን አልቀበልም፤ ዳዊትም ዘማሪ ነበር፣ ናታን ግን አስፈልጎታል። ነገር ግን ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» የመጀመሪያ መጽሐፍ ያሰፈረው አንድ ሐሳብ አለ፤ ደግ ሰው አልገዛም ብሎ ሲሸሽ ቅጣቱ ከእሱ በሚያንስ ሰው መገዛት ነው።

ይህን በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 በምሳሌ የተናገረው ኢዮአታም ነው። አባቱ ጌዴዎን ንገሥ ሲባል እምቢ ብሎ ነበር፤ እኔም ልጄም አንገዛችሁም፣ ገዢያችሁ እግዚአብሔር ነው በማለት። እሱ ሲሞት ልጁ አቤሜሌክ የሴኬምን ሰዎች የሥጋ ዘመዳችሁ ነኝ ብሎ አግባባ። ከጣዖት ቤት በተሰጠው ሰባ ብር ወሮበሎችን ቀጥሮ ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ አረደ። የተረፈው ትንሹ ኢዮአታም ገሪዛን ተራራ ላይ ወጥቶ ስለ ዛፎች ተረከላቸው። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄዱ። ወይራው ቅባቴን አልተውም አለ፣ በለሱ ጣፋጭነቴን አለ፣ ወይኑ የወይን ጠጄን አለ። ሁሉም በራሱ ፍሬ ተጠምዶ እምቢ ሲል የእሾህ ቁጥቋጦው ተቀበለ፤ ጥላ የሌለው በጥላዬ ተጠለሉ አለ፣ ካልሆነም ከእኔ እሳት ወጥቶ የሊባኖስን ዝግባ ይብላ ብሎ አስፈራራ። ሰዎች በዚህ ታሪክ እሾሁን ይረግማሉ። እኔ ወይራውን፣ በለሱንና ወይኑንም እወቅሳለሁ። ፖለቲካ ቆሻሻ ነው ብሎ ወደ ሥራው፣ ወደ ንግዱ፣ ወደ ጸሎቱ የተመለሰ የተማረና የተከበረ ሰው የእሾሁን መንገድ ጠርጎለታል።

የአቴና ጉባኤ ሴቶችን፣ ባሪያዎችንና መጤዎችን አያስገባም ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ አቴና ዴሞክራሲ ማውራት ታማኝነት አይደለም። ግን ጸሐፊዎቹ በጉባኤው ድምፅ የሌላትን ሴት መድረኩ ላይ አውጥተው ንጉሡን እንድትሞግት አደረጓት። በኦሪት ዘጸአትም የፈርዖንን ትእዛዝ ያልታዘዙት ጄኔራሎች ሳይሆኑ ሁለት አዋላጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1560 የታተመው የጄኔቫ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስፍራ ኅዳግ ላይ ንጉሡን አለመታዘዛቸው ተገቢ እንደነበር አስፍሮ ነበር። ያው ንጉሥ ጄምስ በ1604 በሃምፕተን ኮርት ጉባኤ ላይ የተማረረው በዚህ ዓይነቱ ማስታወሻ ነው፤ በ1611 የወጣው የእሱ ዘመን ትርጉምም ያለ እንደዚህ ዓይነት ማብራሪያ ታተመ።

ስለ መመለስ ከሚናገሩ ታሪኮች ሁሉ እምብዛም የማይሰበከው ግን በቀዳማዊ ነገሥት ምዕራፍ 12 ያለው ይመስለኛል። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ሊነግሥ ወደ ሴኬም ይሄዳል። ሕዝቡ አባትህ ቀንበር አክብዶብን ነበር፣ አቅልልን ይለዋል። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ብታገለግላቸው ለዘላለም ያገለግሉሃል ብለው ይመክሩታል፤ አብሮ አደጎቹ ደግሞ ከአባትህ የባስክ ነኝ በላቸው ይሉታል። የወጣቶቹን ሰማ። ዐሥሩ ነገድ ተለዩት። ግብር አስገባሪውን አዶኒራምን ላከ፤ ሕዝቡ በድንጋይ ወገረው። ንጉሡ በሠረገላው ተፈናጥጦ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ። ብዙ ጊዜ ሰባኪው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል፤ ምክር አለመስማት ምን እንደሚያመጣ ለማስተማር።

ቀጥሎ ያለው ግን ይበልጣል። ሮብዓም ከይሁዳና ከብንያም ለጦርነት የተመረጡ 180,000 ሰዎች አሰለፈ፤ የተለዩትን በኃይል ሊመልስ። ሠራዊት ከተሰለፈ፣ ክብር ከተነካ፣ ልዑኩ ከተገደለ በኋላ ሸማያ የተባለ የእግዚአብሔር ሰው መጣ፤ በወንድሞቻችሁ ላይ አትዝመቱ፣ እያንዳንዳችሁ ወደየቤታችሁ ተመለሱ አለ። ቃሉን ለንጉሡ ብቻ አልተናገረም፤ ለይሁዳና ለብንያም ቤት ሁሉ፣ ለተራው ሰውም ተናገረ። ተመለሱም። በሴኬም ሽማግሌዎችን ያልሰማው ሮብዓም ይህን ሰማ። ወንድም ከወንድሙ ሲዋጋ ባየ አገር ውስጥ ይህን የሚያነብ ሰው፣ ያን ሠራዊት ከመነሣቱ በፊት የበተነው ቃል እንዴት እንደተነገረ፣ ማን ፊት እንደተነገረ፣ ተናጋሪውም ለምን ከሃዲ ተብሎ እንዳልተገደለ መጠየቅ ይገባዋል። በሮብዓምና የተለዩት ነገዶች ባነገሡት በኢዮርብዓም መካከል ዘመናቸውን ሁሉ ጠብ እንደነበረ ያው መጽሐፍ ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ይመዘግባል፤ በዚያ ቀን ግን 180,000 ሰዎች ወንድሞቻቸውን ሳይገድሉ ወደየቤታቸው ገቡ።